ገላን አካባቢ ፋብሪካ ላላችሁ፦ አንድ ኢንጂነር ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለ። በዚያውም የመብራት ቢል እያንገበገበው ዝም ያለ ጎረቤት ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

እኛ ገላን ላይ ጀሪካን እናመርታለን። ትንሽ ቤት ነን። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ መምጣቱን ለእናንተ አልነግራችሁም። አንዱ መጥቶ ሶላር ግዙ ይላል፣ ሌላው አዲስ ማሽን አስገቡ ይላል፣ ሁሉም የሚሸጠው ነገር አለው። ይሄ ልጅ ግን ምንም አይሸጥም። ሥራው ኢነርጂ ኦዲት ነው፤ የምንከፍልበት ኃይል የት የት እንደሚሄድ ለክቶ፣ ጽፎ ያስረክባል። በቃ።

መጀመሪያ የዓመቱን ቢል አስመጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ዲማንድ ቻርጁን ለብቻው አወጣው። እሱ የሚታሰበው በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ በሳባችሁት ከፍተኛ ኃይል ነው። ጠዋት የማሽኖቹን ሂተር ሁሉ ባንዴ ካበራችሁ ወሩን ሙሉ ትከፍሉበታላችሁ። አሁን በየተራ ነው የምናበራው፣ አምስት ሳንቲም አላስወጣንም።

ከዚያ እሁድ መጣ። ማሽን ሁሉ ጠፍቷል፣ አየር የሚያምቀውን ኮምፕሬሰር ብቻ አስነሱልኝ አለ። ሞልቶ ዝም ማለት ሲገባው ቆይቶ ይነሳል፣ ቆይቶ ይነሳል። አንድም ሰው አየር ሳይጠቀም! ዝም በሉ አለንና ስናዳምጥ አየሩ በየመጋጠሚያው እየሾለከ ቤቱ ሁሉ ሽሽሽ ይላል። ጥበቃችን በባልዲ ኦሞ በጥብጠው አመጡ፣ በቀለም ብሩሽ መጋጠሚያውን ሁሉ እየቀቡ ዞሩ፣ አረፋ ባወጣው ላይ ሁሉ ቀይ ፕላስተር ጠመጠሙበት። ሰውየው ከኢንጂነሩ በላይ ሞቅ ብሏቸው ነበር። የአየሩ ግፊትም ከሚያስፈልገን በላይ ነበርና ዝቅ አስደረገን፤ 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) መቀነስ የኮምፕሬሰሩን ፍጆታ 7 በመቶ ገደማ ያወርደዋል።

ሪፖርቱ ላይ የወደድኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው ከላይ፣ ካፓሲተር ባንኩ (ሞተሮች ከመስመሩ የሚስቡትን ትርፍ ከረንት የሚቀንሰው ዕቃ) መሀል፣ ሞተር መቀየሩ መጨረሻ። ሶላሩስ ስለው "መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ" አለኝ። ታሪፉ እየጨመረ የእኛ ቢል ባለበት ቆሟል።

የኦዲቱ ዋጋ ለትንሽ ቤት ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። እሱ እንዳጫወተኝ አሜሪካ ውስጥ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በመንግሥት በጀት ትናንሽና መካከለኛ ፋብሪካዎችን በነጻ ሲፈትሹ ኖረዋል። ተማሪው ሥራ ይለምዳል፣ ባለፋብሪካው ሪፖርቱን ያገኛል። እኛስ? የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አፍንጫችን ሥር አቃቂ ቃሊቲ ነው ያለው። ሕጉም ቢሆን የኢነርጂ ቁጠባን ነገር ከ2006ቱ የኢነርጂ አዋጅ ጀምሮ ይዞታል። ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይህን የሚያነብ ካለ፣ የኦዲቱን ግማሽ እንኳ መንግሥት ቢሸፍን ከዚህ እስከ ዱከም ስንቱ ባለ ወርክሾፕ በሩን ይከፍት ነበር። እስከዚያው ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግራችሁ አብራችሁ ጥሩት፣ ዋጋ ያስተካክላል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የ12 ወር ቢላችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁት፤ ያለ ቢል ወሬ አይወድም።