«አካውንቱን እንዳትዘጋው» ከተባላችሁ ኮንሶሉን አትግዙት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ያገለገለ የጌም ኮንሶል ለመግዛት ገንዘባቸውን ቆጥረው ለተዘጋጁ፣ በተለይም «ከነጌሞቹ» የሚል ማስታወቂያ አይተው ልባቸው ለተነሣሣ ሰዎች ነው። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ስሕተት ነው አልልም፤ እኔ ራሴ ከዚህ በፊት ሁለት ያገለገሉ ኮንሶሎች ገዝቼ ለዓመታት ያለችግር ተጫውቼባቸዋለሁ። ስሕተት የሚሆነው የሚሸጥላችሁ ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ሳታውቁ ስትከፍሉ ነው፤ ሦስተኛውን ስገዛ የደረሰብኝም ይኸው ነው።

የገዛሁት ፕሌይስቴሽን 4 ነበር። ሃያ አራት ጌሞች ተጭነውበታል፤ ጌሞቹን አንድ በአንድ ብገዛቸው ከኮንሶሉ ዋጋ እጅግ ይበልጡ ስለነበር፣ ሻጩ ከሌሎች ያገለገሉ ኮንሶሎች ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠይቀኝ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ያተረፍሁት እኔ መሰለኝ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤ የነካሁት ጌም ሁሉ ተከፈተ። ተሰናብቼው ልወጣ ስል ግን፣ «ወንድሜ፣ ይህን አካውንት እንዳትዘጋው፤ አጠገቡ የራስህን ክፈትና በራስህ ተጫወት» አለኝ። ለእኔ ያሰበ መስሎኝ አመስግኜው ሄድሁ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ምሽት ኮንሶሉን ስከፍት በሁሉም ጌሞች ምስል ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ተቀምጦ አገኘሁ። አንዱም አልከፈት አለ። ሻጩም ስልኩን አያነሣም።

ምን እንደተፈጸመ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከኢንተርኔት መደብር የተገዛ ጌም ንብረትነቱ የኮንሶሉ ሳይሆን የአካውንቱ ነው። በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ጌሙ እንዲከፈት ፈቃድ የሚሰጠው የገዛው አካውንት ነው። በፕሌይስቴሽን 4 አንድ አካውንት አንድን ኮንሶል ዋና ኮንሶሉ አድርጎ ሲመዘግበው፣ በዚያ ኮንሶል ላይ የራሱን አካውንት የከፈተ ማንኛውም ሰው የዋናውን አካውንት ጌሞች መጫወት ይችላል። አሠራሩ የታሰበው በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ የእኔ ሻጭ ግን ሸቀጥ አደረገው። የአካውንቱ ባለቤት በድረ ገጽ በኩል ገብቶ በስሙ የተመዘገቡትን ኮንሶሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሰርዝ ይችላል፤ ይህን በስድስት ወር አንድ ጊዜ ማድረግ ተፈቅዶለታል። የእኔው ኮንሶል ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ስረዛው ደረሰበት፤ ቁልፉም ተቀመጠ። ያ አካውንት ዛሬ በሌላ ገዢ ቤት በሌላ ኮንሶል ላይ ተመዝግቦ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ እሱም «እንዳትዘጋው» ተብሎ ይሆናል።

አንዳንድ ሻጮች ከዚህ አልፈው የአካውንቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጭምር ያስረክባሉ። ይህ የሚያስተማምን ይመስላል፤ ነገር ግን አካውንቱን መጀመሪያ የከፈተውና የግዢ ደረሰኞቹን የያዘው ሰው ለአምራቹ ድርጅት አቤት ብሎ ሊያስመልሰው ይችላል፤ እናንተ ግን የምታቀርቡት ማስረጃ አይኖራችሁም። አካውንት መሸጥና መግዛትም በአምራቾቹ የአገልግሎት ውል የተከለከለ ስለሆነ አቤቱታችሁን የሚሰማችሁ አይኖርም። ስለዚህ «ከነጌሞቹ» የሚባለው ዋጋ ላይ ዲስክ የሌላቸውን ጌሞች ሁሉ ዜሮ አድርጋችሁ አስሉ። ከኮንሶሉ ጋር በእርግጥ የእናንተ የሚሆኑት በእጃችሁ የምትይዟቸው ዲስኮችና የጌም ካርዶች ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ማሳሰቢያ «ከኢንተርኔት ጋር አታገናኘው፣ አፕዴትም አታድርገው» የሚለው ነው። ይህ የሚነገረው በአሮጌ የሲስተም ሶፍትዌር ላይ እንዲቆይ ተደርጎ ለተሰበረ፣ ማለትም ያልተገዙ ጌሞች እንዲያጫውት መከላከያው ለታለፈ ኮንሶል ነው። አፕዴት ሲደረግ ጌሞቹ መሥራት ያቆማሉ፤ በአምራቹ አገልግሎት ላይ ከታየም ኮንሶሉ ራሱ ሊታገድ ይችላል። የአምራቹን የኢንተርኔት መደብር መጠቀም ወይም ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት መጫወት የሚፈልግ ሰው ሊገዛው የሚገባ ዕቃ አይደለም። ሁሉን አውቆ ለሚገዛ ሰው ጉዳዩ የራሱ ነው፤ የእኔ ቅሬታ ለማያውቅ ሰው እንደ ማንኛውም ኮንሶል መሸጡ ላይ ነው።

የኒንቴንዶ ድርጅት ኮንሶል በሆነው በስዊች ላይ ደግሞ ሻጩ ዝም ሊል ይችላል፤ ዝምታው ከማሳሰቢያው ይከፋል። ኒንቴንዶ ሕግ የጣሰን ተጠቃሚ ሲቀጣ አካውንቱን ብቻ ሳይሆን ኮንሶሉን ራሱን ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ሊያግድ ይችላል። ይህ እገዳ ከመሣሪያው መለያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውስጡን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር አያነሣውም። ከካርድ የሚጫወት ጌም በሚገባ ይሠራል፤ ሻጩም የሚያሳያችሁ እሱን ነው። ከስልካችሁ ኢንተርኔት አጋርታችሁ የኒንቴንዶን መደብር ለመክፈት ሞክሩ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ታግዶ ከሆነ መደብሩ አይከፈትም።

ሻጩን የምትፈትኑበት ዋነኛ መንገድ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከመክፈላችሁ በፊት ኮንሶሉ ዐይናችሁ እያየ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ፤ እንደ አዲስ ይነሣ፤ ከኢንተርኔት ይገናኝ፤ የመጨረሻውን አፕዴት ይጫን፤ ከዚያም በእናንተ አካውንት ይከፈት። ጊዜ ይወስዳል፤ ሻጩም ሊሰላች ይችላል። ቢሰላችም ታገሡት፤ እምቢ ካለ ግን ምክንያቱን ለመስማት ጊዜያችሁን አታባክኑ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ሃያ አራቱ ጌሞች በአንድ ቅጽበት ጠፍተው አያቸው ነበር፤ ወይም ሻጩ አይፈቅድልኝም ነበር።

ወደ አካሉ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ማየት የሚገባው ዲስክ ማጫወቻውን ነው፤ ምክንያቱም ጥገናው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ የፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ የፕሌይስቴሽን 5 ሞዴሎች ማጫወቻው የራሱ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳው ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከኮንሶሉ ዋና ሰሌዳ ጋር ተጣምሮ የተሠራ ነው። ከሌላ ኮንሶል የተነቀለ ማጫወቻ እንዳለ ብትገጥሙ ጌም አያነብብም፤ የቀድሞውን ሰሌዳ ወደ አዲሱ ማዛወር ግድ ይላል። «ማጫወቻው ብቻ ነው የማይሠራው፣ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል» የሚል ሻጭ ይህን ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ይደብቃል። ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አስወጡ፤ ጌሙንም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ሙቀት የሚፈጥረው ችግር በአምስት ደቂቃ አይታይም፤ ኮንሶሉ ከሞቀ በኋላ ፋኑ እየጮኸ ከሄደ ወይም ራሱን ካጠፋ ውስጡ አቧራ ሞልቷል፣ ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ደርቋል።

ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ገመድ የሚሰካበትን የኤችዲኤምአይ መሰኪያ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ፤ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ምስሉ ከተቆራረጠ መሰኪያው ተጎድቷል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ማንም ሳይነካው በጌሙ ውስጥ ያለው እይታ በራሱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ተመልከቱ። የስዊች ተነቃይ ጆይስቲኮች በዚህ ችግር ስማቸው የጠፋ ቢሆንም፣ የሌሎቹም ቢሆኑ በአጠቃቀም ብዛት ይለብሳሉ።

ተከፍቶ የተጠገነ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚህ ኮንሶል ፕሮሰሰር ላይ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ተራ ቅባት ሳይሆን ፈሳሽ ብረት ነው፤ ብረት እንደመሆኑም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አሠራሩን በማያውቅ እጅ ተከፍቶ ፈሳሹ ከቦታው ከወጣ ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ፕሌይስቴሽን 4 ተከፍቶ ጸድቷል ቢባል አንዳንዴ ደስ ይለኛል፤ ፕሌይስቴሽን 5 ሲሆን ግን ማን እንደከፈተው እጠይቃለሁ።

አዲስ መግዛትም ቢሆን ያለጥያቄ የሚያስተማምን አይደለም። በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሲሪያል ቁጥር በኮንሶሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፤ ፕላስቲክ መጠቅለያ ማንም በድጋሚ ሊጠቀልለው ይችላልና። ዋስትናው ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ስለሆነና በደረሰኝ ስለሚረጋገጥ፣ ደረሰኝ የሌለው «አዲስ» በእኔ አቆጣጠር ያገለገለ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ሊሆን ይገባል። የምትገዙት ዲስክ ማጫወቻ ያለው መሆኑንም አረጋግጡ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ማጫወቻ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጡት ሁለቱ ፕሌይስቴሽን 5ዎች ማጫወቻ የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ማጫወቻው ለብቻው ይገዛለታል። ማጫወቻ የሌለው ኮንሶል ሲገዛ ይረክሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያገለገለ ዲስክ መግዛትም፣ ተጫውታችሁ የጨረሳችሁትን መሸጥም ሆነ መዋዋስ አትችሉም። ብዙ ጌም ለሚጫወት ሰው በርካሽነቱ ያተረፈውን መልሶ የሚወስድበት ይህ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ያገለገለው ዋጋ ከአዲሱ ሦስት አራተኛ ከደረሰ አዲሱን ግዙ፤ የቀረችው ልዩነት ዋስትና ለሌለው ዕቃ፣ ለለበሰ ጆይስቲክና ለሚመጣው ጽዳት አትበቃም። ከግማሽ ብዙ ካልራቀ፣ ከላይ ያልኋቸውን ፈተናዎች ካለፈና ሻጩን በቅርብ የምታገኙት ከሆነ ያገለገለው ጥሩ ግዢ ነው። ወደ ቀድሞው ትውልድ ኮንሶሎች ከሄዳችሁ ደግሞ፣ በፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ያለውን ሃርድ ዲስክ ባለቤቱ ራሱ መቀየር ስለሚችል የሃርድ ዲስኩ መድከም ብቻውን አያስቀራችሁ፤ የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ማከማቻ ግን በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

«ከነጌሞቹ» የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ዛሬውኑ የራሳችሁን አካውንት ክፈቱና ኮንሶሉን የእሱ ዋና ኮንሶል አድርጋችሁ አስመዝግቡ። አዲስ ጌም በሻጩ አካውንት ፈጽሞ እንዳትገዙ፤ የባንክ ካርዳችሁንም በእሱ ላይ አታስገቡ፤ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሁሉ አስቀምጡ። እኔ መልእክቶቹን አጥፍቼ ስለነበር ለአቤቱታ የሚሆን ነገር አልቀረኝም። ኮንሶሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሥቼዋለሁ፤ ሦስት ያገለገሉ ዲስኮችም ገዝቼለታለሁ፤ እነሱ ላይ ቁልፍ የሚያስቀምጥ ማንም የለም።