ለጥንቱ እንግሊዝኛ የሚሆን መዝገበ ቃላት፦ የኦክስፎርዱ ታላቅ ሥራ በኢንተርኔት

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአማርኛው ጋር እያስተያየ የሚያነብ ሰው አንደኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ላይ ሲደርስ ግራ መጋባቱ አይቀርም። አማርኛው በሕይወት የሚቀሩት ያንቀላፉትን «አንቀድምም» እንደሚሉ ሲጽፍ፣ እንግሊዝኛው በዚያው ቦታ «ፕሪቬንት» የሚል ግስ ያስገባል፤ ይህ ግስ ግን ዛሬ መከላከል ማለት ነው። የዛሬውን ፍቺ ብቻ የሚሰጡ የኪስ መዝገበ ቃላትና የስልክ መተግበሪያዎች እዚህ ላይ ምንም አይፈይዱም።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዋጋው የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በ1884 የመጀመሪያው ክፍል ወጥቶ በ1928 የተጠናቀቀው፣ በ1989 በ20 ቅጽ እንደገና የታተመውና ከ2000 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚገኘው ይህ ሥራ፣ የአንድን ቃል ፍቺዎች ከጥንቱ ጀምሮ በዕድሜ ቅደም ተከተል ያሰፍራል፤ ለእያንዳንዱም ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ጥቅሶችን በማስረጃነት ያቀርባል። «ፕሪቬንት»ን ስንፈልግ ከላቲኑ «ቀድሞ መምጣት» እንደተወሰደ እናገኛለን፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው ለተከታዩ መንገድ ሊዘጋበት ስለሚችል ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ማገድ ዞሯል።

ይበልጥ የወደድኩት ግን «ሌት» የተባለውን ግስ የያዘበትን መንገድ ነው። ዛሬ መፍቀድ ማለት የሆነው ይህ ቃል በዚያው መጽሐፍ ሮሜ ምዕራፍ 1 ላይ መከልከልን ያመለክታል። መዝገበ ቃላቱ አንድ ቃል ትርጉሙን ገለበጠ አይልም፤ በድሮው እንግሊዝኛ የተለያዩ የነበሩ ሁለት ግሶች በድምፅ ተመሳስለው እንደቀሩ አስረድቶ ለየብቻቸው ያሰፍራቸዋል። የመከልከሉ ትርጉም ዛሬም በእንግሊዝ ፓስፖርት ላይ፣ ባለቤቱ ያለ አንዳች እንቅፋት እንዲያልፍ በሚጠይቀው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ፍቺዎቹ በዕድሜ ስለተደረደሩ፣ ዛሬ ጥሩ ማለት የሆነውን «ናይስ»ን የሚፈልግ ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ሞኝ የሚለውን ነው፤ ስለዚህ ለጀማሪ አልመክረውም። የሦስተኛው እትም ክለሳ ገና ስላላለቀ አንዳንድ ማብራሪያዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጻጻፍ እንደተጻፉ ቀርተዋል፤ ጥንታዊውን ቃል በሌላ ጥንታዊ ቃል ሲፈቱት አንባቢው ሁለተኛ ፍለጋ ይጠብቀዋል። በአንጻሩ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ከ1965 ጀምሮ ተዘጋጅቶ በ2009 የታተመው ታሪካዊ የተመሳሳይ ቃላት ስብስብ አብሮት መግባቱ፣ ከቃል ወደ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ከትርጉም ተነሥቶ በየዘመኑ ወደነበሩት ቃላት ለመሄድ ያስችላል።

ሙሉው አገልግሎት በክፍያ ነው። በእንግሊዝ የምትኖሩ አንባቢዎች ግን አብዛኞቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው በነጻ ስለሚያቀርቡትና በካርዳችሁ ቁጥር ከቤት ሆናችሁ መግባት ስለምትችሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ።