ለማዕድን ሥራ የትኛው ሞተር? ከኪሎዋቱ በፊት አነሳሱን እንይ

መብራት ሄደና ድንጋይ የሚያጓጉዘው ቀበቶ፣ ኮንቬየሩ፣ ቆመ። ቀበቶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ ተሸክሟል። መብራት ሲመለስ ኦፕሬተሩ ማስነሻውን ተጫነ፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ኦቨርሎዱ (ከረንት ሲበዛ የሚያጠፋው መከላከያ) ጣለው። ደገመው። አሁንም ጣለው። ሦስተኛ ሲሞክር አስቆምነው፤ ሞተሩ እጅ አያስነካም፣ የቫርኒሽ ሽታም መምጣት ጀምሯል። ከዚያ በኋላ የተረፈው ሥራ የአካፋ ነበር። ስድስት ሰው ግማሽ ፈረቃ ሙሉ ድንጋይ ሲያወርድ ዋለ።

ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። 75 ኪሎዋት፣ ጥሩ ፋብሪካ የሠራው፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ። ጥፋቱ የገዢው ነው፣ ማለትም የእኛ። ወጪ ለመቀነስ ብለን በስታር ዴልታ እንዲነሳ አድርገነዋል፤ ይሄ ማስነሻ ሞተሩን መጀመሪያ በስታር፣ ማለትም ጥቅልሎቹ በሚያገኙት አነስተኛ ቮልቴጅ፣ አስነስቶ ከዚያ ወደ ሙሉው፣ ወደ ዴልታ፣ ይቀይረዋል። በስታር ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ እሱ ደስ ይላል። ችግሩ የማዞር ጉልበቱም አብሮ ወደ ሲሶ መውረዱ ነው። በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛ ጉልበቱ 2 እጥፍ የሚሰጥ ሞተር፣ በስታር 0.67 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ባዶ ቀበቶ በዚህ ይነሳል። የሞላ ቀበቶ ግን ወይ ፍንክች።

ስለዚህ ሞተሮችን የማወዳድረው ከኪሎዋትና ከዋጋ ተነስቼ አይደለም። ሁለት ጥያቄ ይበቃኛል፦ ሸክሙ እንዴት ይነሳል? ሞተሩስ የት ነው የሚቆመው?

ስኩዊረል ኬጅ ወይስ ስሊፕ ሪንግ?

አብዛኛው ሰው "ሞተር" ሲል የሚያስበው ስኩዊረል ኬጁን ነው። የሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዘንጎች አሉ፣ በቃ። ከውጭ የሚነካካው ነገር የለም፣ ብሩሽ የለውም። ግራሶውን በጊዜው ካገኘና አቧራው ከተጠረገለት ዓመታት ይሠራል። ርካሽ ነው፣ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፣ ማንኛውም ሞተር ጠቅላይ (የተቃጠለ ጥቅልል የሚሠራ ባለሙያ) ያውቀዋል።

ድካሙ መነሻው ላይ ነው። በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ6 እስከ 8 እጥፍ ከረንት ይስባል። መስመሩ ጠንካራ ከሆነ ችግር የለም። ማዕድን ማውጫ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ጄኔሬተር ነው ያለው፣ ወይ ከትራንስፎርመሩ እስከ ሞተሩ በጣም ረጅም ኬብል ተዘርግቷል። ከረንቱ ሲንር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ጉልበቱ በካሬ ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ በ20 በመቶ ቢቀንስ የቀረው ጉልበት 64 በመቶ ነው። ካታሎጉ ላይ ያነበባችሁት ቁጥር ኬብላችሁን አያውቀውም።

ስሊፕ ሪንጉ ይሄንን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። የሚሽከረከረው ክፍል የራሱ ጥቅልል አለው፤ ጫፎቹ በቀለበትና በካርቦን ብሩሽ በኩል ወጥተው ከውጭ ካለ ሬዚስታንስ ጋር ይገናኛሉ። ሲነሳ ሬዚስታንሱ ሙሉ ይገባል፣ ፍጥነት ሲይዝ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በትንሽ ከረንት ትልቅ ጉልበት ታገኛላችሁ፣ የመነሻው ሙቀትም ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ሬዚስታንሱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ለቦል ሚል (በብረት ኳስ ድንጋይ ለሚፈጭ ወፍጮ)፣ ለትልቅ ክሬሸር (ድንጋይ መስበሪያ)፣ ዕቃና ሰው ከጉድጓድ ለሚያወጣ ሆይስት ለብዙ ዘመን የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋውን ግን በየወሩ ትከፍላላችሁ። ብሩሽ ያልቃል። የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቀለበቶቹ መሀል ሲጠራቀም እሳት ያስነሳል። ክዳኑን ከፍቶ የሚያይ፣ የብሩሹን ርዝመት የሚለካ፣ ስፕሪንጉን የሚፈትሽ ሰው በፈረቃው ውስጥ ከሌላችሁ አትግዙት። እኔ ብሆን አዲስ ለሚተከል ነገር እስከ ጥቂት መቶ ኪሎዋት ድረስ ስኩዊረል ኬጅ ከድራይቭ (ዙሩን ከሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ማስነሻ) ጋር እመርጣለሁ። ስሊፕ ሪንግ የምገዛው መስመሩ ደካማ፣ ሸክሙ ከባድ፣ ሠራተኛውም ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀው ከሆነ ነው።

ፐርማነንት ማግኔት የሚባለው ደግሞ አለ፤ የሚሽከረከረው ክፍሉ (ሮተሩ) ላይ ቋሚ ማግኔት የተተከለበት ነው። ሻጮች በጣም ይወዱታል። እውነትም ጥሩ ነገር አለው፦ ለጉልበቱ ትንሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ በዝቅተኛ ዙር ትልቅ ጉልበት ስለሚሰጥ አንዳንዴ ካምቢዮውን ጭምር ያስቀራል። ግን አብዛኛው ያለ ድራይቭ አይሠራም፣ ማንም ሠፈር ያለ ጠቅላይም ደፍሮ አይፈታውም። ማግኔቱ ሮተሩን በኃይል ስለሚስበው ያለ ልዩ መሣሪያ ለማውጣት የሞከረ ሰው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ሌላም አለ። ይሄ ሞተር ሸክሙ ካዞረው ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል። ዳገት ላይ ያለ ኮንቬየር ወደ ኋላ ቢንሸራተት፣ ብሬከሩ ጠፍቶም ቢሆን የኬብሉ ጫፍ ላይ ቮልቴጅ አለ። ለጥገና ሠራተኞቻችሁ ይሄን ሳትነግሩ አትግዙ።

ሲንክሮነሱን፣ ማለትም ዙሩ ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ ጋር እኩል የሚሄደውን ሞተር፣ ቶሎ ልለፈው። በሜጋዋት ለሚቆጠር ወፍጮ ነው፤ ፓወር ፋክተርን (ከመስመሩ ከሚሳበው ውስጥ እውነተኛ ሥራ የሚሠራውን ድርሻ) ማስተካከሉ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ወፍጮው ላይ ራሱ እንደ ቀለበት ተጠምጥመው ያለ ማርሽ የሚያዞሩት ከ20 ሜጋዋት በላይ የሚደርሱም አሉ፣ እነሱን የሚገዛ ሰው ግን ይሄን ጽሑፍ እያነበበ አይደለም።

ማስነሻው

ገዢ ሁሉ ሞተሩ ላይ ሲከራከር ውሎ ማስነሻውን በአምስት ደቂቃ ይወስናል። እኛም እንደዚያው ነበርን።

ስታር ዴልታውን አይተነዋል። ሶፍት ስታርተር ከእሱ ይሻላል፣ ሆኖም የብዙ ሰው ግምት ልክ አይደለም፤ "ለከባድ ሸክም ነው" ይሉታል። ሶፍት ስታርተር ቮልቴጁን ነው የሚቀንሰው። ቮልቴጁ ግማሽ ሲሆን ጉልበቱ ሩብ ነው። አነሳሱን ያለሰልሳል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ለፓምፕ ግሩም ነው፤ ሲነሳም ሲቆምም ውሃው ቧንቧውን በመዶሻ እንደመታ አያንኳኳውም። ለሞላ ኮንቬየር ግን ከስታር ዴልታው ብዙም የተለየ ተስፋ አትጣሉበት።

ድራይቩ፣ ወይም ብዙዎች ኢንቨርተር የሚሉት፣ ፍሪኩዌንሲውን ጭምር ስለሚቀይር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበት ይሰጣል፤ በመደበኛው ከረንት አንድ ተኩል እጥፍ አካባቢ ሆኖ የሞላ ቀበቶ ያነሳል። ውድ ነው። ደግሞም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ ዙር ሲቀንስ ከኋላ ያለችው ቬንቶላም አብራ ትቀንሳለች፣ ስለዚህ ለረጅም ሰዓት በዝቅተኛ ዙር ከባድ ሸክም የሚጎትት ከሆነ የራሷ ሞተር ያላት ቬንቶላ እዘዙ። ትልልቅ ሞተሮች ላይ ከድራይቩ የሚመጣ ከረንት በኩሽኔታው ውስጥ እያለፈ ይበላዋል፤ ሲፈታ ኩሽኔታው እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ተሸንትሮ ታገኙታላችሁ። መከላከያው ከኋላ በኩል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኩሽኔታ ማስገባት ነው፣ እሱም ሲታዘዝ ነው መጠየቅ ያለበት። ኬብሉ በጣም ከረዘመ ደግሞ ሞተሩ ጫፍ ላይ የቮልቴጅ ዝላይ ስለሚፈጠር ፊልተር ያስፈልጋል።

"ድራይቭ መብራት ይቆጥባል" የሚለውን በጥንቃቄ ስሙት። ለማናፈሻ እውነት ነው፤ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ የሚበላው ኃይል ግማሽ አካባቢ ይሆናል። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ ግን እንደዚያ አይደለም። ዋናው ሥራው ውሃውን ወደ ላይ ማንሳት ስለሆነ፣ ዙሩን ትንሽ ስትቀንሱለት ውሃው ጨርሶ ላይወጣ ይችላል። ፓምፑ ይዞራል፣ መብራት ይበላል፣ ከቧንቧው አፍ ግን ጠብ የሚል የለም።

የሚቆምበት ቦታ

አይፒ የሞተሩ ሽፋን አቧራና ውሃ የሚከላከልበት ደረጃ ነው። አይፒ 55 እና አይፒ 66 መሀል ያለው ልዩነት ይሄ ነው፦ የመጀመሪያው ቁጥር አቧራ፣ ሁለተኛው ውሃ። 5 ማለት ጥቂት አቧራ ይገባል፣ ግን ሥራ አያስተጓጉልም፤ 6 ማለት ጭራሽ አይገባም። ለክሬሸርና ለወንፊት አካባቢ 65 ወይም 66 ውሰዱ። ብቻ 66 የሚለው ሰሌዳ ሞተሩን ከመታጠብ አያድነውም። የሚቀዘቅዘው በክንፎቹ ነው። ክንፎቹ መሀል ጭቃ ደርቆ ከተጋገረ፣ ሞተሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚሠራ ሰው ነው።

ከፍታም አለ። ካታሎጉ ላይ ያለው ኪሎዋት እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል። 2000 ሜትር ላይ ያው ኪሎዋት የሚጠበቀው የአካባቢው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ ነው፣ ያውም ለክላስ ኤፍ። በለጠ ማለት አንድ ቁጥር ትልቅ ሞተር ግዙ ማለት ነው። ክላስ ኤፍ 155 ዲግሪ የሚችል ጥቅልል ነው፤ "ክላስ ኤፍ፣ የሙቀት ጭማሪው ግን በክላስ ቢ" የሚል ካገኛችሁ ያዙት፤ ቢ ከኤፍ ዝቅ ያለ የሙቀት ደረጃ ስለሆነ ትርፍ አቅም አለው።

የድንጋይ ከሰል ወይም ሜቴን ያለበት ዋሻ ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ሁለተኛ ይሆናል። ሜቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። እዚያ የሚገባው ኤክስ ዲ የሚባለው ሞተር ነው፣ እሱም ምድቡ ግሩፕ 1 የሆነው፣ ማለትም ለማዕድን ዋሻ የተፈተነው። ለነዳጅ ፋብሪካ የተሠራው ግሩፕ 2 ስለሆነ ቢመሳሰልም አይተካውም። ብዙ ሰው ይሄ ሞተር ጋዝ አያስገባም ብሎ ያስባል። ያስገባል። ውስጥ ቢፈነዳ ግን ሰውነቱ ይችለዋል፣ ነበልባሉም በክዳኖቹ ጠባብ ክፍተት ሲወጣ ቀዝቅዞ ይጠፋል። ስለዚህ የተጫረ ክዳን ወይም አንድ የጎደለ ብሎን ሞተሩን ተራ ሞተር ያደርገዋል። ያገለገለ ልግዛ የምትሉ ይሄን በባትሪ ብርሃን አይታችሁ ብቻ። የአሉሚኒየም ቬንቶላም አትቀበሉ፤ አሉሚኒየም የዛገ ብረት ሲመታ ጋዙን የሚያቀጣጥል ብልጭታ ይወጣዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ ክሬሸራችሁ በቺንጋ የሚነዳ ከሆነ ከፑሌጂያው በኩል ሮለር ኩሽኔታ እዘዙ፣ የቺንጋውን ጉተታ የሚችለው እሱ ነው። በቀጥታ ለተጋጠመ ፓምፕ ግን ተራው የኳስ ኩሽኔታ ይሻላል። ሮለሩ ወደ ጎን የሚጎትተው ሸክም ካጣ ከመሽከርከር ይልቅ እየተንሸራተተ ራሱን ይጨርሳል።

አይኢ 2 ወይስ አይኢ 4?

አይኢ የሞተር ቁጠባ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብክነቱ ይቀንሳል። 75 ኪሎዋት፣ 4 ፖል (በደቂቃ ወደ 1500 ዙር የሚጠጋ)፣ 50 ኸርዝ የሆነ ሞተር ከሚበላው ኤሌክትሪክ በአይኢ 2 ቢያንስ 94 በመቶውን፣ በአይኢ 4 ቢያንስ 96 በመቶውን ወደ ሥራ ይቀይራል። ትንሽ ይመስላል። ሙሉ ሸክም ላይ ልዩነቱ 1.66 ኪሎዋት ነው፤ በዓመት 6000 ሰዓት ቢሠራ ወደ 10000 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። በራሳችሁ ታሪፍ አባዙትና ከዋጋ ልዩነቱ ጋር አስተያዩት። ቀን ከሌት ለሚሠራ ማናፈሻ ወይም ፓምፕ በአብዛኛው አይኢ 4 ያሸንፋል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ግን ገንዘቡን ለድራይቭ ባውለው ይሻለኛል።

ወጥመድ ግን አለው። ቆጣቢው ሞተር ትንሽ ፈጥኖ ይዞራል። አሮጌው 1470 ዙር፣ አዲሱ 1485 ቢሆን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም፤ ማናፈሻ ላይ ግን ኃይሉ በኪዩብ ስለሚያድግ 3 በመቶ ይጨምራል። ያገኛችሁትን 2 በመቶ በላው፣ ከዚያም አለፈ። ፑሌጂያውን ካልቀየራችሁ ወይም በድራይቭ ካልቀነሳችሁት ቆጣሪው ላይ ምንም አታዩም፣ ከዚያ "አይኢ 4 ውሸት ነው" የሚል ወሬ ይነሳል።

ዋጋ ስትጠይቁ እንግዲህ ኪሎዋትና ዙር ብቻ ጽፋችሁ አትላኩ። ሸክሙ ምን እንደሆነና ሞልቶ ይነሳ እንደሆነ፣ በሰዓት ስንቴ እንደሚነሳ፣ የኬብሉን ርዝመትና ውፍረት፣ የትራንስፎርመሩን ወይም የጄኔሬተሩን አቅም፣ ከፍታውን፣ የአካባቢውን ሙቀት፣ ቺንጋ ይሁን ቀጥታ ጻፉ። ጥቅልሉ ውስጥ የሙቀት ሴንሰር እንዲኖረውም ጠይቁ፤ ሲታዘዝ ርካሽ ነው፣ በኋላ ማስገባት ግን ሞተሩን ማስጠቅለል ነው። ይሄን ሁሉ አንብቦ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚልክላችሁን ሻጭ እኔ እጠራጠረዋለሁ።

ያ ኮንቬየር ላይ ሞተሩን አልቀየርነውም። ድራይቭ ገዛንለት፣ ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሞልቶም ይነሳል። አሮጌው የስታር ዴልታ ሳጥን ቫልቩ ተዘግቶ የሚነሳ ፓምፕ ላይ ገባ። እዚያ አንድ ቀን እንኳ አላስቸገረም።