የሰው ሠራሽ ዳሌ ኳስ፦ 28 ወይስ 36 ሚሊሜትር?

እኛ ጅማዎች ቡና የምንጠጣው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው። ዳሌው ለተቀየረለት ሰው የሚያሰጋውም ይኸው አቀማመጥ ነው፤ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ብሎ ወገብ ወደ ፊት ሲያጎነብስ በጭን አጥንት ጫፍ የተገጠመው ሰው ሠራሽ ኳስ ከማቀፊያው፣ ማለትም በዳሌ አጥንት ውስጥ ከተተከለው ጎድጓዳ ክፍል፣ ሊወልቅ ይችላል።

ዲያሜትሩ 28 ሚሊሜትር የሆነው ኳስ ከማቀፊያው ለመውጣት የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። 36ቱ ረዘም ያለ ርቀት መጓዝ አለበት፤ ኳሱን የተሸከመው የብረት አንገት ከማቀፊያው ጠርዝ ጋር ሳይጋጭም እግር የበለጠ ይታጠፋል። በመውለቅ ስጋት ከመዘንናቸው ትልቁ ይሻላል።

ትልቅነቱ ግን ጣጣ አለው። ማቀፊያው ጠባብ ከሆነ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይሳሳል፤ የሚታሸው ገጽም ስለሚሰፋ ፕላስቲኩ ቶሎ ይበላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ 22 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ኳስ የመረጡት ፍትጊያን ለመቀነስ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ መበላትን በጣም ስለሚቋቋም ይህ ስጋት ቀንሷል።

ለእናቴ ቢሆን፣ አጥንቷ በቂ ስፋት ካለው፣ 36ቱን እመርጥላት ነበር። ማቀፊያው በተዛባ አንግል ከተገጠመ ወይም የዳሌ ጡንቻዋ ከደከመ ግን ትልቁም ኳስ ይወልቃል። ቡናዋንም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው የማስጠጣት።