ለጥጃ አይረን፦ መርፌ ወይስ ድርቆሽ?

ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ታስሮ ወተት ብቻ የሚጠጣ ጥጃ ካላችሁ፣ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ድዱንም። ነጣ ካለ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው አይረን (የብረት ማዕድን) ወተት ውስጥ በጣም ትንሽ ነው።

መርፌ፦ ቶሎ ይሠራል። ግን ሐኪም ይፈልጋል፣ መጠኑ ካለፈ ይመርዛል፣ የተወጋበት ቦታም ሊያብጥ ይችላል። እባካችሁ በግምት አትውጉ።

ድርቆሽና ፉርሽካ፦ ቀስ ይላል። ለጥጃ የሚበቃው ጥቂት ስለሆነ ግን ኪስ አይጎዳም፣ አይረኑም በየቀኑ ይገባል፣ ጨጓራውም ማመንዠግ ይለምዳል። እኔ ጥጃው ከተወለደ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ አፉ አጠገብ አስርለታለሁ። መጀመሪያ ያሸታል፣ ይልሳል፣ ከዚያ አንዷን ሰበዝ ይዞ ሲያላምጥ ደስ ይላል። የአውሮፓ ኅብረትም ሥጋቸው ነጣ እንዲል በወተት ለሚያደልቧቸው ጥጆች ሳይቀር እንደ ድርቆሽ ያለ መኖ መስጠትን በሕግ ግድ አድርጎታል፤ ከ8 እስከ 20 ሳምንት ባለው ዕድሜያቸው መጠኑ በቀን ከ50 ወደ 250 ግራም ከፍ ይላል።

ሐረር ዙሪያ ለግጦሽ የሚወጣ ጥጃ መርፌው ብዙም አያስፈልገውም። እሱ ከነጣ መጀመሪያ መዥገርና የሆድ ትል ፈልጉ። በጣም ነጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ መጥባት ያቃተው ግን ድርቆሽ እስኪለምድ አይጠበቅም፤ የዛኑ ቀን ሐኪም ጥሩ።