ለድግሱ ምን ይግባ? የጠመቃ ቤት ቢራ፣ የማርቆስ ጠላ፣ ድራፍትና ጠርሙስ ጎን ለጎን

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ሰፈር ውስጥ ዳስ ተጥሎ። «አንተ አዲስ አበባ እየተመላለስክ ቢራ ትቀምሳለህ አሉ፤ እስቲ ምን ላስገባ ንገረኝ» አለኝ። እየሳቀ ነው፣ ግን ነገሩ ሳቅ አይደለም። ለ300 ሰው የሚሆን መጠጥ መግዛት ከሰንጋው ቀጥሎ እንቅልፍ የሚነሳ ወጪ ነው። የቀመስኩትን ሁሉ ሰብስቤ ልመልስለት ስጀምር ረዘመ። ከረዘመ አይቀር ለሌላም ደጋሽ ይሁን።

ከሩቁ ልጀምር። አዲስ አበባ ቦሌ ውስጥ ቢር ጋርደን ኢን የሚባል ቤት አለ። ቢራውን ራሱ ጠምቆ ራሱ ይቀዳል፤ ዘዴው የጀርመን ነው። ነጣ ያለውን ብሎንዲ፣ ጠቆር ያለውን ኢቦኒ ይሉታል። ከጓደኛዬ ጋር ሄደን ሁለቱንም ባንዴ አዘዝንና ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እንዲህ ካላደረጋችሁ ልዩነቱ አይገባችሁም፣ አንዱን ጨርሳችሁ ሌላውን እስክታዙ ምላሳችሁ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ከነጩ ጀምሩ። ጥቁሩን ካስቀደማችሁ ነጩ ውሃ ውሃ ይላችኋል። ክትፎው ቆይቶ ይምጣ፤ ሚጥሚጣ የነካው ምላስ ለቢራ ምስክር አይሆንም።

ብሎንዲ ኩልል ያለ አይደለም፣ ደፍረስ ይላል። ያልለመደ ሰው «ተበላሽቷል እንዴ?» ሊል ይችላል። ጉሽ ጠላ እየጠጣ ያደገ ጎጃሜ ግን አይደነግጥም። እርሾው ሙሉ በሙሉ ስላልተጣራ ነው፤ እንዲያውም ያ ትኩስ ዳቦ ዳቦ የሚለው ሽታ ከሱ ነው የሚመጣው። ኢቦኒ ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ቢራ የሚጠቁረው ቀለም ተጨምሮበት ሳይሆን ከብቅሉ የተወሰነው ጠንከር ተደርጎ ስለሚቆላ ነው። አፍንጫዬ ስር ሳደርገው ትዝ ያለኝ የአያቴ እንኩሮ ነው፤ ያ ምጣድ ላይ ሲታመስ ቤቱን የሚሞላው ሽታ። ለካ የኛ ጠላና የጀርመን ቢራ የሚጠቁሩት በአንድ ምክንያት ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ፣ ሥጋ ካለ ኢቦኒ፣ ለወሬ ብቻ ከሆነ ብሎንዲ።

ታዲያ ለሰርግ ይሆናል ወይ? አይሆንም። ሞክሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ቤተሰብ ላስቀምስ ብዬ እንዲህ ያለ ያልተጣራ ቢራ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ማርቆስ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ደህና ነበር። አባይ በረሃ ስንወርድ ግን ሙቀቱ ቀሰቀሰው፣ ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንደርስ ሃይላንዱ እንደ ኳስ ተነፍቷል። ቀስ ብዬ ላተንፍሰው ብዬ ክዳኑን ስነካው ግማሹ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላ ላይ አረፈ። ምንም አላሉኝም። እስከ ማርቆስ ድረስ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ሄዱ። ቤት የደረሰውም ሞቶ ነበር። እርሾው በሕይወት ያለ ቢራ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ሥራውን ይቀጥላል፤ ስለዚህ እዛው ሄዳችሁ ጠጡት እንጂ አትሸከሙት።

አሁን ወደ ቤት። እኛ ጋ ጠመቃ ቤት የለም የሚል ሰው በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ከቦሌ በተመለስኩ ሳምንት ጠላ ቤት ገብቼ እንደዛው እያስተያየሁ ቀመስኩ። ብቅሉ ያው ብቅል ነው። ድፍድፉም ያው ነው፤ የቢራ ጠማቂ በሙቅ ውሃ 65 ዲግሪ አካባቢ ይዞ በሰዓታት ይጨርሰዋል፣ የኛዎቹ ደግሞ ከነጌሾው ጋን ውስጥ ለቀናት ይተዉታል። ምሬቱን እነሱ ሆፕስ ከሚባል ተክል አበባ ያገኛሉ፣ እኛ ከጌሾ። ትልቁ ልዩነት ማፍላቱ ላይ ነው። ቢራ ከሆፕሱ ጋር እሳት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይንተከተካል። ጠላ እንደዚያ አይፈላም፤ መጨረሻ ላይ ውሃ ተሞልቶበት ይከደናል። ስለዚህ ጠላ ስታዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ጌሾው ሳይሆን ስለ ውሃው ይሁን። ከየት ነው? ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው? ጥያቄው ያስቀይማል ብላችሁ አትፈሩ። 300 እንግዳ ሆዱን ቢታመም የሚያስቀይመው ይብሳል።

ጠማቂዋን ይህንኑ ስጠይቃቸው አልተቀየሙኝም። ስለ ውሃው መለሱልኝና «ልጄ፣ ከመቅመስህ በፊት ጋኑን አሽትት» አሉኝ። ባዶ ጋን አዘንብለው አስጠጉኝ። ወይራ የታጠነ ጋን እንደ ጭስ ሸተት ይላል፣ ደስ ይላል። ያልታጠነ ወይም በደንብ ያልታጠበ ከሆነ ግን ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፤ እዛ ውስጥ የገባ ጠላ የትም አይደርስም። ከዚያ በኋላ ጠላ ከማዘዜ በፊት የማሸተው ጋኑን ነው።

የእህሉን ነገር ደግሞ አትርሱ። የገብስ ጠላ ቀለል ይላል፣ ብዙ ያስጠጣል። የዳጉሳው ጠቆር ያለና፣ እንደኔ እንደኔ፣ ጣዕሙ የበለጠ ነው፤ ግን ተንኮለኛ ነው፣ ተቀምጠህ አይታወቅህም፣ ስትነሳ ነው የሚነግርህ። ለሰርግ ገብሱን እመርጣለሁ። ሌላው ቅራሪ ነው። ድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተሞልቶ የሚወጣው ቀጭኑ ጠላ ማለት ነው፤ ለውሃ ጥም ግሩም ነው፣ በጠላ ዋጋ ከተሸጠላችሁ ግን ተበልታችኋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ከጋኑ አንድ ጣሳ አስቀድታችሁ ቅመሱ።

የጠላ ችግሩ ጊዜ ነው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ከጥንስሱ እስከ መጠጣቱ ሁለት ሳምንት ያዙለት። ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። ተከፍቶ ከተቀዳበት ጋን የተረፈውም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ያው ሆምጣጤ ነው። አንዱ ጋን ሳያልቅ ሌላውን አታስከፍቱ።

ድራፍት ላይ ቂም አለኝ፣ አስቀድሜ ልናገር። የወንድሜ ቀለበት ላይ በርሜልና ማሽን ተከራየን። ቀጠሮው 6 ሰዓት፣ መብራት የሄደው 5 ተኩል። ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ቢራው ሞቀ፣ ከቧንቧው የሚወጣው አረፋ ብቻ ሆነ። ቢራ ሲሞቅ ጋዙን መያዝ አይችልም፤ እንደ ማርቆስ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ አረፋው ይብሳል። ጃንቦው ሦስት አራተኛው ነጭ ሆኖ ሲቀርብ ሽማግሌዎቹ «ይሄ ወተት ነው?» ብለው ሳቁብን። ያከራየን ሰው ስልኩን አላነሳም። ገንዘቡም አልተመለሰም።

ያም ሆኖ እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ የቀዘቀዘ፣ ቧንቧው የታጠበ፣ ትናንት የተከፈተ በርሜል ከጠርሙስ ይሻላል። አፍ ላይ ለስላሳ ነው። ድራፍት ቤት ስትገቡ ብርጭቆውን እዩ። አረፋው ወዲያው እልም ካለ ብርጭቆው ላይ ቅባት ወይም ሳሙና አለ። የጎምዛዛ ወይም የቅቤ ሽታ ካለው ቧንቧው ሳይታጠብ ከርሟል። ሰው የሚበዛበት ቤት ምረጡ፤ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ለድግስ ግን ጄኔሬተር ከሌለ አልነካውም።

ጠርሙስ የሰነፍ ምርጫ ይመስላል፣ ግን ለደጋሽ እንቅልፍ የሚሰጠው እሱ ነው። ታሽጎ በሙቀት ስለሚታከም ወራት ይቆያል፤ መብራት ቢሄድ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነከራል። የቱን ምርት? እዚህ ላይ ሰው ይጣላል። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ዳሽን የጎንደር ነው፣ ሐበሻ የደብረ ብርሃን፣ ዋልያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቂሊንጦ ይመጣል። አንድ ቀን አራቱንም በስኒ ቀድተን፣ ማን ምን እንደሆነ ሳናይ ቀመስን። «እኔ ከዳሽን ሌላ አልጠጣም» የሚለው ጓደኛችን ሌላውን አንስቶ «ይሄ ነው ዳሽን!» ብሎ ማለ። አራቱም ነጣ ያሉ፣ በቅዝቃዜ የሚብላሉ ላገር ቢራዎች ናቸው፤ ስማቸውን ሳታዩ መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ቀኑን እዩ። ጎንደር ቅርብ ነው ብላችሁ ዳሽኑ የግድ ትኩስ ነው አትበሉ፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን ነው የሚናገረው። ደጅ ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ሳጥን ደግሞ በርካሽም ቢሆን አትግዙ። ብርሃን ሆፕሱን ሲያገኘው ቢራው መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ቡናማው ጠርሙስ በደንብ ይከላከላል፣ አረንጓዴው ግን ብዙም አያድንም።

እንግዲህ ሒሳቡ። ለ300 ሰው፣ ለአንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ካልን 600 ጠርሙስ ነው። ሳጥኑ 24 ስለሚይዝ 25 ሳጥን ይሆናል። በሊትር 200 ገደማ ነው፤ በድራፍት ቢሆን የ50 ሊትሩ በርሜል አራት፣ የ30ው ሰባት ማለት ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ ሁሉንም በሊትር አድርጉት፣ አለዚያ ጃንቦና ጠርሙስ ያምታታችኋል። ጠላ በሊትር ሲታይ እኛ ጋ ሁልጊዜ ይረክሳል፤ ግን የማገዶውንና የሴቶቹን ጉልበት ማንም ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁለት ይህን ነው፦ 15 ሳጥን ቢራ፣ የቀረውን በገብስ ጠላ። አዛውንቱና ከገጠር የሚመጣው ዘመድ ጠላውን ነው የሚጠይቀው፣ ወጣቱ ቢራውን። ለማይጠጡትና ለሾፌሮቹ ሁለት ሳጥን የብቅል መጠጥ ጨምር። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ አይቀዳም፣ ለአሳላፊዎቹ አስቀድመህ ንገራቸው፤ በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ 1112 መሠረት መሸጡም ክልክል ነው። (የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው፣ አንዳንዱ ሰው አሁንም ይናፍቀዋል።) ሻጩ ያልተከፈተ ሳጥን መልሶ እንደሚቀበል በቃል ሳይሆን በወረቀት አስፈርመው። ባዶ ጠርሙሱን የሚቆጥር አንድ የሚታመን ልጅ መድብ፣ የማይጠጣ ቢሆን ይመረጣል።

መልሶ የጻፈልኝ «ድራፍቱስ?» ብሎ ነው። መብራት ኃይልን ጠይቅ አልኩት። ጥንስሱ ከገና ማግስት ይጣል፤ ጌሾውን ግን ከአሁኑ ግዛ፣ ጥር ሲደርስ ሁሉም ሰው ነው ገበያ የሚወጣው።