አሮጌውን ማሻሻል ወይስ አዲስ መግዛት?

የቢሮው ኮምፒውተር እስኪነሳ ሠራተኛው ስልኩን ይጎረጉራል። አዲስ ይገዛ? አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ፋይል ለማንበብ ቀጭን ክንድ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ኤስኤስዲ የሚባለው ሌላው የፋይል ማከማቻ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ፈጣን ነው። ሃርድ ዲስኩን በእሱ ቀይራችሁ ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ከ4 ወደ 16 ጊጋባይት ብታሳድጉት ያው ማሽን ሌላ ይሆናል።

ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋና ቺፕ) ካረጀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከ8ኛው ትውልድ በፊት ያሉትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። እዚህ ላይ ኤስኤስዲ አያድንም፤ ግዙ። ስትገዙ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፕ ከሆነ ግን እኔ አልገዛውም። ነገ ማሳደግ ቢያምራችሁ አይቻልማ!